ቀዳዳውን ከጣት ያላቀቀው አንጥረኛ

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአውሮፓ ፍሉት የተባለው የጎን ዋሽንት የሚሠራው ከእንጨት ሲሆን፣ ስድስቱ የጣት ቀዳዳዎች የሚበሱት የድምፅ ሕግ በሚያዘው ስፍራ ሳይሆን ጣት በሚደርስበት ነበር። ስሕተቱን ለማካካስ አንዱ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ሌላው ይሰፋል፤ ስለዚህም አንዱ ድምፅ ሲጎላ ጎረቤቱ ይታፈናል።

የሙኒኩ ተወላጅ ቴዎባልድ ቤም (ከ1794 እስከ 1881 እ.ኤ.አ.) አንጥረኛም የቤተ መንግሥት ፍሉት ነፊም ነበር። በ1831 ለንደን ላይ የእንግሊዛዊውን የቻርልስ ኒኮልሰንን ጉልህ ድምፅ ሰማ፤ ምስጢሩም የቀዳዳዎቹ ስፋት መሆኑን ተረዳ። በዓመቱ ቀዳዳዎቹን በተገቢው ስፍራ በስቶ፣ ጣት የማይደርስባቸውን ቀለበትና ዘንግ በሚያንቀሳቅሷቸው መክደኛዎች እንዲዘጉ አደረገ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ እንጀራው የሆነውን የጣት አጣጣል በ38 ዓመቱ እንደ ጀማሪ እንደገና ሊማር ግድ ሆነበት።

በዚህም አልረካም። ቀደም ሲል በብረት ማቅለጥ ሥራ አብሮት ከደከመው ከሻፍሆይትል ዘንድ የድምፅን ሳይንስ አጥንቶ፣ በ1847 ወደ ታች የሚጠበውን ቱቦ በመተው የውስጥ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር የሆነ ወጥ ቱቦ ሠራ። የራሱን ክፍል ብቻ ወደ ቡሹ ሲጠጋ ወደ 17 ሚሊሜትር አጠበበው። የቀዳዳዎቹን ስፍራ በግምት አልወሰነም፤ ቱቦውን በአሥራ ሁለት ክፍል ቆራርጦ እየነቀለና እየገጠመ ፈተነው እንጂ። ቀዳዳዎቹም ከጣት በላይ ሰፍተው ስለ ነበር ሁሉንም በመክደኛ ሸፈናቸው።

የፓሪስ ኮንሰርቫቷር በ1860 ተቀበለው። በገዛ አገሩ ግን ብዙ ነፊዎች ከአሮጌው ፍሉት አንላቀቅም ብለው ቆዩ።