ስምና አድራሻ፦ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ቤት ውስጥ የስም አገልጋይ

በአዲስ አበባ «ቤትህ የት ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የቤት ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት የሰፈሩን ስም ይጠራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ሲጠየቅ «ሜክሲኮ፣ ከተግባረ ዕድ ትንሽ አለፍ ብሎ» ይላል፤ ጠያቂውም ሌላ ማብራሪያ ሳይሻ መንገዱን ያገኘዋል። የቤታችንን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን ከቤተሰቡ መካከል መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሰው በስም ያስታውሳል፤ መዝገብ በቁጥር ይሠራል። ስለሆነም በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያገናኝ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስፍራው ሜክሲኮ የተባለበት ምክንያት የታወቀ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን የሜክሲኮ መንግሥት በዓለም መንግሥታት ማኅበር ወረራውን ተቃውሟል፤ የኢጣሊያንም ገዥነት አልተቀበለም። አደባባዩ የዚህ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ፤ በ1980 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም ይህንኑ ስም ይዟል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።) የእኛው ሜክሲኮ በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ካለፈበት ወዲህ መልኩ እጅግ ተለውጧል። ሆኖም ታክሲ ጠሪው ዛሬም «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል፤ ተሳፋሪውም አይሳሳትም። ስሙ ቆይቷል፤ ስሙ የሚያመለክተው ነገር ግን ተለውጧል።

ይህ የስምና የአድራሻ ግንኙነት ለኮምፒዩተር መረብም ዋና ጉዳይ ነው። ታሪኩን ለማኅበራችን አባላት ለማቅረብ ያነሣሣኝ በገዛ ቤቴ የደረሰብኝ አንድ ብልሽት ስለሆነ፣ በቅድሚያ እርሱን ልናገር።

የአንድ ምሽት ብልሽት

ለመማሪያም ለመገልገያም ብዬ በቤታችን አንድ አነስተኛ ዲ.ኤን.ኤስ. ሰርቨር አቋቁሜ ነበር። ዲ.ኤን.ኤስ. ሰርቨር ማለት በአጭሩ ስም ተቀብሎ የቁጥር አድራሻ የሚመልስ የስም አገልጋይ ነው። የእኔው የሚሠራው ራስበሪ ፓይ በምትባል፣ የእጅ መዳፍ በምታክል ኮምፒዩተር ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ለመስክ ሥራ ሁለት ወር ያህል ከከተማ ስርቅ ማሽኗን አጥፍቼ ሄድኩ። በተመለስኩ ዕለት እንደገና ሰካኋትና ራውተሩ የቤቱን የስም ጥያቄ ሁሉ ወደ እርሷ እንዲልክ አዘዝኩት።

በዚያው ምሽት ታናሽ እህቴ ከክፍሏ ወጥታ «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ እኮ! ማመልከቻዬ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋብኛል» አለችኝ። ለወራት ስትዘጋጅበት የቆየችው የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ነበር። እኔም ምንም ሳልመረምር ጥፋቱን በአገልግሎት ሰጪው ላይ ጣልኩ። ራውተሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ፤ ስልክ ደውዬም ተራ ጠበቅሁ። እህቴ የስልኳን ዳታ ልጠቀም ስትል «ቆዪ፣ አሁን ይመለሳል» ብዬ የከለከልኳት እኔው ነበርኩ። በዚህ ሁኔታ ከአንድ ሰዓት በላይ ባከነ።

ሁላችንንም ዝም ያሰኘችን እናቴ ናት። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ መቼ ጠፋ? የአክስትህ መልእክት አሁን በቴሌግራም ገባልኝ» አለች። ስልኳ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተያያዘ ነበር። ቴሌግራም የራሱን ማሽኖች የቁጥር አድራሻ በውስጡ ይዞ ስለሚዞር ያለ ስም አገልጋይም መንገዱን ያገኛል። እንግዲያው መንገዱ ክፍት ነበር፤ የጠፋው ስሙ ነው። ይህን ስረዳ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ የረዳኝ የስም አገልጋዮችን ታሪክ ማስታወሴ ስለሆነ፣ ወደዚያው ልሻገር።

ከአንድ መዝገብ ወደ ብዙ አገልጋዮች

የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት በ1969 በአሜሪካ ሲጀመር የተገናኙት ማሽኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የእያንዳንዱ ማሽን ስምና ቁጥር በአንድ መዝገብ ይጻፍ ነበር። መዝገቡን ይጠብቅ የነበረው በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመረጃ ማዕከል ሲሆን፣ ማዕከሉን ለረጅም ዓመታት የመሩት ወይዘሮ ኤልዛቤት ፋይንለር ናቸው። አዲስ ማሽን ያለው ሰው ለማዕከሉ ያሳውቃል፤ ማዕከሉ ይመዘግባል፤ ሌሎቹም መዝገቡን በየጊዜው እየገለበጡ ይወስዳሉ።

ይህ አሠራር ለትንሽ መንደር የሚበቃ ነበር። በነሐሴ 1981 በመረቡ የነበሩት ማሽኖች 213 ሲሆኑ፣ በታኅሣሥ 1987 ግን 28,174 ደርሰዋል። መዝገቡ ገና ሳይገለበጥ ያረጅ ጀመር፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ይሻሙ ነበር፤ ለውጥ ሁሉ በአንድ ቢሮ ማለፍ ነበረበት። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፖል ሞካፔትሪስ፣ በባልደረባቸው በጆን ፖስተል ጠያቂነት ለዚህ መፍትሔ ሲፈልጉ ቆይተው በኅዳር 1983 የዲ.ኤን.ኤስ.ን ንድፍ አሳተሙ። ንድፉ ተሻሽሎ በኅዳር 1987 የወጣው ደንብ እስከ ዛሬ የሥርዓቱ መሠረት ነው።

ንድፉ በሁለት አሳቦች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው ውክልና ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ስማችን ራሱ በዚሁ መንገድ የተዋቀረ ነውና። የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል፣ የአያት ይደመድማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመረብ ስምም «ኤኤዩ ነጥብ ኢዱ ነጥብ ኢቲ» ሲባል ልጅ፣ አባትና አያት ተደርድረዋል ማለት ነው። የስም አገልጋይ ፍለጋውን የሚጀምረው ከትልቁ ነው። በቅድሚያ ሥር የሚባሉትን አገልጋዮች «ኢቲን የሚያውቅ ማነው?» ይላቸዋል፤ እነዚህ በ13 ስሞች የሚጠሩ ሲሆኑ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ማሽኖች ተባዝተው ይገኛሉ። ቀጥሎ የኢቲን አገልጋይ፣ በመጨረሻም የልጁን ቤት ይጠይቃል። አያት የልጅ ልጆቹን አድራሻ ሁሉ መያዝ የለበትም፤ ልጆቹን ካወቀ ይበቃዋል።

ሁለተኛው አሳብ በጊዜ የተወሰነ ትዝታ ነው። አገልጋዩ ያገኘውን መልስ ያስታውሳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መልስ የሚሻርበት ጊዜ ተጽፎበታል። ጊዜው ሲያልፍ እንደገና መጠየቅ ግዴታ ነው። ለውጥ ወዲያው ለሁሉ የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ ጉዳይ፣ ማለትም መታመን፣ በመጀመሪያው ንድፍ አልተካተተም። መልሱን የሰጠው ትክክለኛው ባለቤት ይሁን አስመሳይ የሚረጋገጥበት መንገድ አልነበረም። በ2008 ዳን ካሚንስኪ የተባለ ባለሙያ ሐሰተኛ መልስ በአገልጋይ ትዝታ ውስጥ በቀላሉ ሊገባ እንደሚችል ሲያሳይ የዓለም መሐንዲሶች ደነገጡ። ለዚህ ቀደም ሲል የታሰበው መድኃኒት ዲ.ኤን.ኤስ.ሴክ ይባላል፤ እያንዳንዱን መልስ በምስጢራዊ ፊርማ ማኅተም ማድረግ ነው። በሐምሌ 2010 ሥሩ ራሱ ተፈረመ። እነዚህ ፊርማዎች የሚጸኑበት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ያላቸው መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

በአገራችን

ስምን ከመስመር ጋር የማገናኘት ሥራ በኢትዮጵያ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894፣ የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር ዝርጋታ ተጀመረ። በእጅ በሚሠራ ማዞሪያ ደዋዩ የሚፈልገውን ሰው ይጠራል፤ ማዞሪያው ላይ የተቀመጠው ሠራተኛም መስመሩን ያገናኛል። ያ ሠራተኛ የዘመኑ ስም አገልጋይ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የቴሌኮሙኒካሽን ሥራ በ1952 በቦርድ ተቋቋመ፤ ኋላም ባለሥልጣን፣ ከ1996 ጀምሮ ኮርፖሬሽን፣ ከ2010 ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሏል። በዚህ በኩል ነገሩ የሜክሲኮ አደባባይ ተቃራኒ ሆነ፤ ስሙ እየተለወጠ ሥራው ቀጠለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ ፊዶኔት በተባለው ሥርዓት በስልክ እየደወለ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። የፊዶኔት አድራሻ ቁጥር ነበር፤ አፍሪካም 5ኛዋ ዞን ትባል ነበር።

«ኢቲ» የተባለው የኢትዮጵያ የመረብ ስም የተመዘገበው በጥቅምት 1995 ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው ግን በጥር 1997 ነበር። መንገዱ ከመከፈቱ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቀደም ብሎ ስሙ ወጣ ማለት ነው። ሕፃኑ ሳይወለድ ስም እንደ ማውጣት ቢመስልም፣ የውክልናው ሥርዓት ይህን ይፈቅዳል፤ አያት ዘንድ የተመዘገበ ልጅ ቤቱን ኋላ ሊሠራ ይችላልና።

የፊደላችንም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ገባ፤ በ2017 ደግሞ በፊደላችን ለሚጻፉ ከፍተኛ የመረብ ስሞች የሚሆን ደንብ ወጣ። እዚህ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነው በማሽን ዘንድ ሦስት ልዩ ልዩ ቁጥሮች መሆናቸው ልብ ይሏል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለሰው አንድ ስም ናቸው፤ ለስም አገልጋይ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።

ብልሽቱ እንዴት ተገኘ?

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ምርመራዬን በቅደም ተከተል ያዝኩ። አንደኛ፣ ራውተሩን በቤት ውስጥ ቁጥሩ፣ ማለት በ192.168.1.1፣ ጠራሁት፤ መለሰ። ሁለተኛ፣ በውጭ አገር ያለ አንድ ማሽን በቁጥሩ ብቻ ጠራሁ፤ እርሱም መለሰ። መንገዱ እስከ ዳር ደኅና ነበር። ሦስተኛ፣ አንዱን ስም ለሁለት አገልጋዮች፣ ለእኔውና ለሌላ ሕዝባዊ አገልጋይ አቀረብኩ። ሌላው ቁጥሩን ሰጠኝ፤ የእኔው «ሰርቭፌል» አለ።

ይህን ቃል በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። አገልጋይ ስሙ ፈጽሞ ከሌለ «ኤንኤክስዶሜይን» ይላል፤ «እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሩ የለም» እንደ ማለት ነው። «ሰርቭፌል» ግን «የምተማመንበት መልስ ላገኝ አልቻልኩም» ማለት ነው። ስለዚህ በአራተኛ ደረጃ ፊርማውን ሳይመረምር እንዲመልስልኝ አዘዝኩት። ወዲያው መለሰ። ችግሩ የፊርማ ነበር፤ ፊርማ ደግሞ የቀን ጉዳይ ነው። የማሽኗን ቀን ስመለከት ለመስክ የሄድኩበት ዕለት ላይ ቆማለች።

ይህች ኮምፒዩተር ስትጠፋ ሰዓት የሚያስቀጥልላት ባትሪ የላትም። ከእንቅልፏ ስትነቃ ሁለት ወር ወደ ኋላ ቀርታ ነበርና በእነዚያ ወራት የተፈረሙት ማኅተሞች ሁሉ ገና ያልተወለዱ መሰሏት፤ ከሥሩ ጀምራ አንዱንም አላምንም አለች። እንዳታርመውም ትክክለኛ ሰዓት የሚሰጣት ማሽን የሚጠራው በስም ነው። ስሙን ለማግኘት ሰዓቱ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱን ለማግኘት ስሙ ያስፈልጋል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያን በ7 ወይም በ8 ዓመት ቢለይ ሁሉም የሚያውቀው ልዩነት ነው፤ የእርሷን መዘግየት ግን ከእርሷ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ቀኑን በእጄ ጽፌ አስተካከልኩ። በአንድ ትእዛዝ ቤቱ ሁሉ ተከፈተ። እኩለ ሌሊት ሊሆን 45 ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ የእህቴ ማመልከቻ 20 ደቂቃ ሲቀረው ገባ። እርሷ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከወቀሳ የከበደ ነበር።

ማጠቃለያ

በማግሥቱ ሦስት ነገር አደረግሁ። ባትሪ ያላት ትንሽ የሰዓት ክፍል ገዝቼ በማሽኗ ላይ ሰካሁ፤ ሰዓት የምትጠይቀውን ምንጭ በስም ሳይሆን በቁጥር ጻፍኩላት፤ እኔ በሌለሁበት ቤተሰቡ ወደ ቀድሞው አሠራር የሚመለስበትን መመሪያ በአማርኛ ጽፌ በራውተሩ ጎን ለጠፍኩ።

ከሦስቱ ለባልደረቦቼ አጥብቄ የማሳስበው የመጨረሻውን ነው። የስም ሥርዓት ታሪክ፣ ከአንድ ቢሮ መዝገብ ወደ ተከፋፈለ ውክልና የተደረገ ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚኖርበት ነገር በአንድ ቦታና በአንድ ሰው ዕውቀት ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። እኔ ግን የዓለም መሐንዲሶች በ1983 የተዉትን ስሕተት በገዛ ቤቴ መልሼ አቋቁሜ ነበር፤ ቁልፉን የያዝኩ ብቸኛው ሰው እኔ ነበርኩና። ብልሽቱንም ለማወቅ መንገዱን ከስሙ ለይታ ያየችው መሐንዲሱ ሳይሆን እናቱ ናት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ስሙ ከአድራሻው እንዳይለያይ መጠበቅ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ያም ሰው አንድ ብቻ እንዳይሆን።