መጥኖ ማጉረስ

«ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም» እንላለን። ለሰው ይሆን ይሆናል፤ ለእርሾ ግን አይሠራም። ይህችን ቀላል የምትመስል ነገር ለመረዳት የአውሮፓ እርሾ ፋብሪካዎች ብዙ ዓመትና ብዙ እህል ፈጅቶባቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1861 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እርሾ አየር ሲያገኝ አልኮል መሥራቱን ቀንሶ በብዛት እንደሚራባ አሳየ። ፋብሪካዎቹም በየገንዳቸው አየር መንፋት ያዙ። ታዲያ አየሩ እየተነፋም አልኮሉ አልቀረም። ለካስ እርሾ ስኳር ከበዛለት፣ አየር እያለው እንኳ፣ ትርፉን ወደ አልኮል ይለውጠዋል! በወጉ ከተያዘ ከ100 ግራም ስኳር 50 ግራም ገደማ ደረቅ እርሾ ይገኛል፤ አየር ከተነፈገ ግን 10 ግራም ገደማ ብቻ። የቀረው ስኳር ለዳቦ ጋጋሪው ጠፋ ማለት ነው።

በ1914 ጦርነቱ መጣ። ጀርመን በባሕር ተከበበች፤ ለሰው የማይበቃውን እህል ለእርሾ ማዋል ቅንጦት ሆነ። ፋብሪካዎቹ ወደ ስኳር ቀይ ሥር ተረፈ ምርት፣ ወደ ሞላሰስና ወደ አሞኒያ ጨው ፊታቸውን አዞሩ። በእነዚያው ዓመታት በጀርመን ፍሪድሪክ ሃይዱክ፣ በዴንማርክ ሶረን ሳክ አንድ ዘዴ አወጡ፦ ምግቡን ሁሉ መጀመሪያ ላይ አትገልብጥ። ጥቂት ስጥና ጀምር፤ እርሾው እየበዛ ሲሄድ የምታፈስለትንም እያሳደግህ ሂድ። ረሃብም ጥጋብም አታሳየው። አዲስ ቅመም የለበትም፤ አዲሱ ነገር ጊዜው ነው።

ይኸው ጉዳይ በሌላው ጦርነት የሰው ነፍስ ጥያቄ ሆኖ ተመለሰ። በየካቲት 1941 ኦክስፎርድ ውስጥ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ በፔኒሲሊን መታከም ጀመረ። አገገመ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ እያጠለሉ መልሰው ቢሰጡትም አልበቃም፤ በመጋቢት ሞተ። መድኃኒቱ ታውቆ ነበር፤ የጎደለው ማብዛቱ ነው። በዚያው ክረምት ፍሎሪና ሂትሊ አሜሪካ ተሻገሩ። ፒዮሪያ በምትባል ከተማ አንድሩ ሞየር ሻጋታውን በቆሎ ከተዘፈዘፈበት ውኃ ጋር በወተት ስኳር አሳደገው። ሻጋታው የወተት ስኳርን ቶሎ አይጨርሰውም፤ ዝግ ብሎ ነው የሚበላው። ግሉኮስ በአንድ ጊዜ ሲሰጡት ግን ገላው ይወፍራል እንጂ ፔኒሲሊኑ ያንሳል። በኋላ ፋብሪካዎች የወተት ስኳሩንም ተዉት፤ ግሉኮሱን ራሱን ቀስ እያሉ ማንጠባጠብ ቻሉበት።

ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘውን ፍሌሚንግን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሃይዱክን፣ ሳክን፣ ሞየርን ማን ያነሣቸዋል? ታሪክ ያገኘውን ያስታውሳል፤ የመጠነውን ይረሳል። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያየሁትም ይኸንኑ ነው፦ ደራሲው ምን እንዳለ እንመረምራለን፤ መቼ እንዳለው ግን እምብዛም አንጠይቅም። ምሥጢሩን ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ የዘረገፈ ልቦለድ ግን ማንም አይጨርሰውም።

መጣኝን መርሳት የእኛም ቤት ልማድ ነው። የእንጀራ ሊጥ ቀናት ሰንብቶ ሲቦካ ከሊጡ ጥቂት ይቀነስና ከውኃ ጋር በእሳት ይበስላል፤ በረድ ሲል ወደ ቡኮው ይመለሳል። አብሲት መጣል ማለት ይኸው ነው። እሳቱ ስታርቹን ያላላዋል፤ ሥራቸው የቀዘቀዘው ተሕዋስያን በቀላሉ የሚበሉት ያገኛሉ፤ ሊጡም እንደገና ኩፍ ይላል። ሁሉንም አብስለው ቢጨምሩት ሊጥ መሆኑ ይቀራል፤ ባይጨምሩበት ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ይህን መጠንና ይህን ሰዓት ያገኘችው ሴት ፓተንት አላወጣችም፤ ስሟንም አናውቅም።

ዛሬ ኢንሱሊን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በየገንዳቸው ስኳር የሚቀርብላቸው በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ፓምፕ ነው፤ ከበዛላቸው አሲድ እያመነጩ ራሳቸውን ያደክማሉና። በየዕለቱ መርፌውን የሚወጋው የስኳር ሕመምተኛ ዕድሜው የተቀጠለው መድኃኒቱን ባገኙት ብቻ አይደለም፤ ጉርሻውን በመጠኑትም ጭምር ነው።