የአራስ ቤትና የአባት ሦስት ቀን

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በጊንጪና በዙሪያዋ ባሉት የደንዲ መንደሮች፣ የወለደች ሴት ብቻዋን አትተውም ነበር። የጎረቤት ሴቶች ተራ ገብተው ውኃ ይቀዳሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ትልልቆቹን ልጆች ይይዛሉ። በአምስተኛው ቀን ሸነን ይከበራል፤ ሴቶቹ ተሰብስበው ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይበላሉ፣ አራሷንም ይመርቃሉ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቤት ደግሞ እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ ልጅ 40 ለሴት 80 ቀን ድረስ፣ እናቲቱ አራስ ናትና ከከባድ ሥራ እንድትጠበቅ ልማዱ ያዛል። አባት ጓዳ ባይገባም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ በግ ያርዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ምጥ ሲጸና ከጎረቤት ወንዶች ጋር ቃሬዛ ይሸከማል። የጊንጪ ጥቁር መረሬ አፈር ለጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ ልጅ በሐምሌ ቢወለድና ገበሬው እጅ ቢያጥረው ደቦ ይጠራለታል። ልማዱ ሁልጊዜና ለሁሉም እኩል ይሠራ ነበር ማለት አይደለም፤ ድሃዋ ሴት በሳምንቷ ወደ ወፍጮዋ ትመለስ ነበር። ቢሆንም የወሊድ ጊዜ የሚጠይቀውን ጉልበት መንደሩ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ይከፋፈለዋልም።

ደመወዝ ይህን አፈረሰው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በአዳ በርጋ ሲተከል፣ የሆለታ የአበባ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ የአምቦ መሥሪያ ቤቶች ሲበዙ፣ ባልና ሚስት ከዘመድ ርቀው በኪራይ ቤት መኖር ጀመሩ። የግቢው ጎረቤት ሴትም ጧት ሥራ ገብታ ማታ የምትመለስ ሆነች። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ ለአባት ረዘም ያለ ፈቃድ መስጠት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ አምስት ሴቶች ይሠሩት የነበረውን የሚሠራ ሌላ ሰው በቤቱ የለም።

ሕጉ ለእናት የተነሣውን ያህል ለአባት አልተነሣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ሰጠ፤ በ1996 የወጣው አዋጅ 377ም በዚያው ቀጠለ። ሁለቱም ለሠርግና ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ሲፈቅዱ ልጅ የተወለደለትን አባት በስሙ አላነሡትም። በ1999 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515 አምስት የሥራ ቀን ሰጠው፤ በ2010 አዋጅ 1064 ወደ አሥር አሳደገው። የግሉ ዘርፍ አባት በሕግ የታወሰው በአዋጅ 1156/2011 ነው፤ እናቲቱ ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ ወደ 90 ቀን ሲያድግ ለእርሱ ሦስት ተከታታይ ቀን ተሰጠው። ለሠርግና ለለቅሶ የተፈቀደው “የሥራ ቀን” ሲሆን የእርሱ ግን “ተከታታይ” ነው፤ ልጁ ዓርብ ማታ ከተወለደ እሑድ ተቆጥሮበት ያልቃል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ሠራተኛ በአዋጅ 1064 አሥር የሥራ ቀን ሲፈቀድለት፣ በዚያው ዞን ሲሚንቶ የሚያመርተው ጎረቤቱ ሦስት ቀን ብቻ ማግኘቱን የሚያስረዳ የሕፃን ወይም የእናት ልዩነት አላየሁም።

አሠሪዎች ወጪውን ያነሣሉ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። በአገራችን የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ የሚወጣው ከአሠሪው ኪስ ነው፤ የሚጋራው የመድን ፈንድ የለም። ነገር ግን ይኸው ወጪ ዛሬ የሚታሰበው በሴቷ ላይ ብቻ ስለሆነ ወጣት ሴት መቅጠር “ውድ” ይመስላል። ወንዱም ከሥራ የሚቀር ከሆነ ያ ስሌት መላላት ይጀምራል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የሥራ ሕግ ለአባት ሁለት ሳምንት ከነደመወዙ ፈቅዳለች።

“ወንዱ ፈቃዱን ጠጅ ቤት ይጨርሰዋል” የሚለው ስጋት ከሐሜት ያለፈ መሠረት አለው፤ ፈቃድ ስለተሰጠ ብቻ አባት ከሕፃኑ ጋር ይውላል ማለት አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1974 ፈቃዱን ለሁለቱም ወላጆች ክፍት ስታደርግ አብዛኛውን የወሰዱት እናቶች ነበሩ፤ አባቶች በብዛት መውሰድ የጀመሩት በ1995 አንድ ወር ለሌላኛው ወላጅ የማይተላለፍ ሆኖ ከተለየ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ መርዘም ብቻ ሳይሆን የአባቱ የራሱ መሆን አለበት፤ ከሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ሆስፒታል ከመመላለስና ዘመድ ከመቀበል የሚተርፍ ጊዜ የለም። ባህል ይከለክላል የሚሉም አሉ። ልማዱ አባትን ከጓዳ ያስወጣው ጓዳውን የሚሞሉ ሴቶች ስለነበሩ ነው፤ እነርሱ በሌሉበት ቤት ክልከላው አራሷን ብቻዋን ከማስቀረት ሌላ ጥቅም የለውም።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ የጊንጪ አባት በአመዛኙ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ የባጃጅ ሾፌር ወይም የቀን ሠራተኛ ነውና አዋጁ ቢሻሻልም አይደርሰውም። እውነት ነው። ለገበሬው ደቦው እስካለ ድረስ አሮጌው መፍትሔ ይሠራል፤ ለቀን ሠራተኛው ግን ሕጉም መንደሩም የሚሰጡት የለም፣ የአባትነት ፈቃድም ይህን አይፈታም። ለደመወዝተኛው ግን መንገዱ አጭር ነው። አዋጅ 1156 የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን መጠን ነው፤ የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ በኅብረት ስምምነት ከሦስት ቀን በላይ ቢስማሙ የሚጸናው ለሠራተኛው የተሻለው ነው፤ ምክር ቤቱ እስኪሰበሰብ መጠበቅም አያስፈልግም።