መንግሥታዊ ሃይማኖትና ሕገ መንግሥት፦ ከበርበሬ በረንዳ ሲታይ

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያስነጥሳል። ይህን ግብር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይከፍለዋል። ጥቂት ራቅ ብሎ ሥጋ ቤት ቢገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያረደው እጅ ይጠየቃል፣ በበሩም ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይሳላል። በርበሬ ባራኪ የለውም። ከአንድ ጆንያ ተሰፍሮ ለፋሲካው ዶሮም ለአረፋው በግም ይሄዳል። የአንዋር መስጊድ አዛንና የቅዱስ ራጉኤል ደወል በሚሰሙበት በዚህ ሰፈር፣ አብሮ ለመገበያየት አዋጅ አላስፈለገም። አዋጅ ያስፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለመንግሥት ሃይማኖት የተለየ አንቀጽ አላበጀም፤ ልማዱ በቂ ነበርና። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ነገሩን በጽሑፍ አሰረው። በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነችና በመንግሥት እንደምትደገፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም የዚህች ሃይማኖት ተከታይ እንደሚሆኑ፣ ስማቸውም በጸሎት ሁሉ እንደሚነሣ ተደነገገ።

ይህ ድንጋጌ በራሱ ከዴሞክራሲ ጋር አይስማማም ብሎ መፍረድ ችኮላ ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የጸደቀው የዴንማርክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 የሉተራኑን ቤተ ክርስቲያን በሚመለከት የሚለው፣ ቃሉ ከእኛው ጋር የሚገጥም ያህል ነው፤ ንጉሡም የዚያችው ቤተ ክርስቲያን አባል መሆን አለበት። ልዩነቱ ከአንቀጹ ውጭ ነው። በዚያ አገር አንቀጹን የጠላ ዜጋ የመረጠው ሸንጎ አለው። በእኛ አገር የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው የሚለው አነጋገር በዚያው ዘመን በሰፊው ይነገር ነበር። ታዲያ አገሩ የጋራ ከሆነ የቀን መቁጠሪያው የማን ነው? በመንግሥት የበዓላት ዝርዝር ውስጥ አንድም የሙስሊም በዓል አልነበረም። የበርበሬ ነጋዴው ኢድ በዋለ ቀን መደብሩን ዘግቶ ይሰግዳል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነው ልጁ ግን ከጠረጴዛው ተገኝቶ ይፈርማል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከ100,000 በላይ እንደሚሆን የተነገረለት ሰልፈኛ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። በመካከሉ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለልጅ እንዳልካቸው መኰንን 13 ጥያቄዎች ቀረቡ፤ በዓላት እንዲከበሩ፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ የሚሉት ከነዚያው ናቸው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚይዘኝ ግን፣ ምናልባት በቃል ስለምተዳደር ይሆናል፣ የስሙ ጥያቄ ነው። ሰልፈኞቹ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባልን እምቢ ብለው «ኢትዮጵያውያን እስላሞች» እንባል አሉ። «የሚኖሩ» የምትለዋ ቃል ተከራይን ከባለቤት የምትለይ ቃል ናትና።

በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ የእስልምና በዓላት በደርግ ውሳኔ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለዘመናት ከያዘችው ርስት ለያት። በዚህ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከቤተ መንግሥት ወጣች፤ ቤተ መንግሥት ግን ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገደሉ። አጽማቸው ተገኝቶ አቡነ ቴዎፍሎስ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፉት በ1984 ዓ.ም. ነው። ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው የሚለው የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 የጸደቀው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው፤ በነጻነቱም ላይ የመንግሥትንና የአብዮቱን ጥቅም ገደብ አድርጎ አኖረበት።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 ሁለቱንም በር ለመዝጋት ሞከረ፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። በ2004 ዓ.ም. ዓርብ ዓርብ በአንዋር መስጊድ «ድምፃችን ይሰማ» ያሉት ሰዎች የከሰሱት፣ መንግሥት ይህንኑ አንቀጽ ጥሶ በመጅሊሳቸው ገብቷል ብለው ነው። መልሱ ለመሪዎቻቸው እስር ሆነ።

ከሕገ መንግሥቱ በታች ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ያላለው የአንቀጽ 126 ጭራ ቀርቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በስሟ ጠርቶ የሕግ ሰውነት ሲሰጣት፣ ሌሎቹን በአንቀጽ 407 ወደፊት ለሚወጣ ልዩ ሕግ አሳለፋቸው። ዘውዱ ወደቀ፣ ሁለት ሕገ መንግሥታት ተጻፉ፤ ይህ ሕግ ግን ጸና። ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የሕግ ሰውነት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1207 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ወንጌላውያኑም በተከታዩ ቁጥር፣ በ1208፣ የራሳቸውን አገኙ። በ1952 ዓ.ም. በበርበሬ በረንዳ ጆንያ መሸከም የጀመረ የ15 ዓመት ልጅ ዕድሜ ሰጥቶት ይህን አዋጅ ቢሰማ፣ 75 ዓመቱ ነበር።