ከመግል የተገኘው ፊደል

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። ልጅ እንደ አባቱ ሲራመድ፣ የአያት ሳቅ ከልጅ ልጅ አፍ ሲወጣ ስናይ ተረቱን እንጠቅሳለን እንጂ ሳቢው ነገር ምን እንደሆነ አንጠይቅም። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጠማዘዘ መሰላል በጠመኔ ሳሉና «ዲ ኤን ኤ ይህ ነው፤ ያገኙት ዋትሰንና ክሪክ ናቸው፤ ጻፉ» አሉን። ጻፍን። ፈተና ላይም መጣ። ነገሩ ግን እንዲህ በሁለት ስም የሚያልቅ አልነበረም። መሰላሉ ከመሳሉ በፊት ያ ቁስ ከሰማንያ ዓመት በላይ በሰው እጅ ሲገላበጥ ኖሯል፤ ለዚያውም አብዛኛውን ጊዜ ተንቆ። እኔን የሚገርመኝ መገኘቱ ሳይሆን ያን ያህል ዘመን መናቁ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ማድቤት ውስጥ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ልናገር።) ማድቤቱ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ሆኖ ነበር። በ1868 ፍሪድሪክ ሚሸር የተባለ የ24 ዓመት ስዊሳዊ ወደዚያ መጣ። ሕክምና ተምሯል፤ ነገር ግን ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ከበሽተኛ ጋር መነጋገሩን ትቶ ምርምርን መረጠ። ሊያውቅ የፈለገው የሰውነት ሕዋስ ከምን ከምን እንደተሠራ ነው። ለዚህም የነጭ ደም ሕዋስ ይሻላል ተባለና መግል ፍለጋ ተሰማራ፤ መግል ማለት በአመዛኙ የነጭ ደም ሕዋስ ክምችት ነውና። በዚያ ዘመን ደግሞ መግል የሚቸግር ነገር አልነበረም። ሚሸር በአቅራቢያው ካለው ሆስፒታል የተጣለ የቁስል ፋሻ እያስመጣ ያጥባል፤ ከፋሻው መግሉን፣ ከመግሉ ሕዋሱን፣ ከሕዋሱ ኒውክለስ የተባለውን አስኳል ይለያል። ፕሮቲኑን ለማስወገድ ከአሳማ ጨጓራ ያወጣውን ምግብ አድቃቂ ፈሳሽ ጨመረበት። ፕሮቲኑ ሟሙቶ ሲያልቅ ያልሟሟ ነጣ ያለ ዝቃጭ ቀረ። ሲመረምረው ፎስፎረስ በብዛት አለበት፤ እንዲህ ዓይነት ፕሮቲን ደግሞ አይታወቅም። ከኒውክለስ ስለተገኘ «ኑክሊን» አለው። ጊዜው 1869 ነበር። አለቃው ሆፐ ዛይለር ጥንቁቅ ሰው ስለነበረ ሙከራውን ራሱ ደግሞ ካላየሁ አላሳትምም አለ፤ ጽሑፉ የወጣው በ1871 ነው።

ሚሸር ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ባዝል ተመልሶም ሥራውን አልተወም። በከተማው መካከል የሚያልፈው የራይን ወንዝ የሳልመን ዓሣ መንገድ ነበር። የወንዱ ዓሣ የዘር ሕዋስ ደግሞ ጅራት የተቀጠለበት ኒውክለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁሱ በሙቀት ስለሚበላሽ ሚሸር በክረምት፣ መስኮት ከፍቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ይሠራ ነበር። እንግዲህ እዩት፤ ከዘር ሕዋስ ውስጥ ያንኑ ቁስ በንጹሕ መልኩ አውጥቶ ይዟል። በ1892 ለአጎቱ በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ የዘር ውርስ በትልልቅ ሞለኪውሎች ተጽፎ ሊተላለፍ እንደሚችል፣ ይኸውም የዓለም ቋንቋዎች ቃላት ሁሉ በሃያ አራትና በሠላሳ ፊደል እንደሚጻፉ ዓይነት መሆኑን ገመተ። ሐሳቡ ዛሬ እኛ ከምንለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። አንድ ስሕተት ብቻ አለበት፤ ፊደሉ ነው ብሎ ያሰበው ኑክሊንን ሳይሆን ፕሮቲንን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ51 ዓመቱ በሳምባ ነቀርሳ ሞተ። ቁልፉን በአንድ እጁ፣ ጓጉንቸሩን በሌላው ይዞ ነው የሞተው።

ከዚያ በኋላ ንቀቱ ሳይንሳዊ መልክ ያዘ። የቁሱን ኬሚስትሪ በዘመኑ ከማንም በላይ ያወቀው በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ይሠራ የነበረው ፊበስ ሌቪን ነው። ቁሱ ከስኳር፣ ከፎስፌትና ከአራት ዓይነት ቤዞች እንደተሠራ የታወቀው በእሱና ከእሱ በፊት በነበረው በጀርመናዊው ኮሰል ሥራ ነው። ቤዞቹ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ይባላሉ፤ ባጭሩ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። በስሙ ውስጥ ያለው «ዲ» ራሱ ሌቪን በ1929 ከለየው ዲኦክሲራይቦዝ ከተባለው ስኳር የመጣ ነው። ይሁንና ይኸው ታላቅ ኬሚስት አራቱ ቤዞች እኩል ለእኩል ሆነው፣ በአንድ ዓይነት ተራ እየተደጋገሙ የሚቀጥሉ ናቸው የሚል መላ ምት አቀረበ። በእኛ ፊደል ብናስበው «ሀለሐመ፣ ሀለሐመ» እያለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የሚዘልቅ መጽሐፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ምን ሊነግረን ይችላል? በሌላ በኩል ፕሮቲን ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲድ አለው። ሃያ ፊደል ያለውን ትቶ አራት ፊደል ያለውን፣ ያውም የማይለወጠውን፣ ማን ይመርጣል? ዲ ኤን ኤ እንግዲህ የኒውክለስ ወጋግራ እንጂ ሌላ ቁም ነገር የለውም ተብሎ ተቀመጠ።

ንቀቱን የሰበረው የሳምባ ምች ነው። በ1928 ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሳምባ ምች ባክቴሪያ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ይዞ ነበር፤ አንዱ ልባስ ያለውና አይጥ የሚገድል፣ ሌላው ልባስ የሌለውና የማይገድል። ገዳዩን በሙቀት ገደለውና ከማይገድለው ሕያው ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ወጋ። አይጦቹ ሞቱ። ከደማቸውም ልባስ ያለው ሕያው ባክቴሪያ ተገኘ፤ ዘሩም ልባስ እንደለበሰ ቀጠለ። ሙት ለሕያው አወረሰ ማለት ነው። ግሪፊዝ ምን እንዳወረሰው ሳያውቅ በ1941 ለንደን ስትደበደብ በቦምብ ሞተ።

ምኑን እንዳወረሰው የጠየቀው ኦስዋልድ ኤቨሪ ነው፤ የሌቪን መሥሪያ ቤት በሆነው በዚያው በሮክፌለር። ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ዕድሜውን በሙሉ በአንድ ባክቴሪያ ላይ የጨረሰ ሰው ነበር። መጀመሪያ የግሪፊዝን ውጤት አላመነም። ኋላ ግን ከማክሎድና ከማካርቲ ጋር ሆኖ ነገሩን በማስወገድ ዘዴ ያዘው። ከሙቱ ባክቴሪያ የተጨመቀውን ፈሳሽ ፕሮቲን በሚያፈርስ ኢንዛይም አጠበው፤ አወራሹ ኃይል አልጠፋም። ልባሱ የተሠራበትን ስኳር አጠፋው፤ አሁንም አልጠፋም። ዲ ኤን ኤን የሚያፈርስ ኢንዛይም ሲጨምርበት ግን ያ ኃይል ድራሹ ጠፋ። የቀረው ንጹሕ ቁስ ከ600 ሚሊዮን አንድ እጅ ሆኖ ሲቀጥን እንኳ ይሠራ ነበር። ጽሑፉ በየካቲት 1944 ታተመ፤ ኤቨሪ 66 ዓመቱ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ዓለም በደስታ ዘለለ ብለህ ትጠብቅ ይሆናል። አልዘለለም። ባንድ በኩል ጦርነት ነበር። በሌላ በኩል ኤቨሪ በጽሑፉ እጅግ ተቆጠበ፤ ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ጂን ሊሆን ይችላል ብሎ የገመተውን ያህል እንኳ በአደባባይ አልደፈረም። በራሱ ተቋም ውስጥ ያለው አልፍሬድ ሚርስኪ «በቁሱ ውስጥ ያልታየ ጥቂት ፕሮቲን ቢኖርስ?» እያለ ይሞግት ነበር። ጥያቄው ሳይንሳዊ ነው፣ አይነቀፍም። ነገር ግን ከጀርባው ያ የአራት ፊደል ንቀት እንዳለበት አያጠራጥርም። ኤቨሪ ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ታጭቶ ሳያገኝ በ1955 ሞተ። ከእሱ ይልቅ ብዙዎችን ያሳመነው ኸርሺና ቼዝ በ1952 በቫይረስ ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው፤ በጥራት ግን የኤቨሪ ይበልጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የኤቨሪን ጽሑፍ አንብቦ የልቡ የተነካ አንድ ኬሚስት ግን ነበር፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኤርዊን ቻርጋፍ። ሌላ ሥራውን ትቶ የብዙ ፍጥረታትን ዲ ኤን ኤ መመዘን ጀመረ። አራቱ ቤዞች እኩል አይደሉም፤ ከፍጥረት ፍጥረት ይለያያሉ። «ሀለሐመ» እዚህ ላይ ፈረሰ። ሌላም ነገር አየ፦ ኤ ሁልጊዜ ከቲ፣ ጂ ሁልጊዜ ከሲ ጋር እኩል ነው። በሰው ውስጥ ለምሳሌ ኤና ቲ እያንዳንዳቸው 30 በመቶ ግድም፣ ጂና ሲ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ግድም ናቸው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን ቻርጋፍ አልፈታውም።

አሁን ወደ መሰላሉ እንመለስ። በጥር 1951 ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለች የ30 ዓመት የለንደን ተወላጅ በኪንግስ ኮሌጅ ሥራ ጀመረች። ሙያዋ ኤክስሬይ በቁስ ውስጥ አሳልፎ ጥላውን ማንበብ ነው። ዲ ኤን ኤ ሲደርቅና ሲርስ ሁለት የተለያየ ቅርጽ እንደሚይዝ ለይታ አወቀች። በግንቦት 1952 ተማሪዋ ጎስሊንግ በእሷ መሪነት ከጸጉር የቀጠነ የረጠበ ጭረት ከ60 ሰዓት በላይ በጨረር ፊት አቁሞ አንድ ፎቶግራፍ አነሳ፤ ቁጥሩ 51። በመካከሉ ጥቁር የመስቀል ምልክት ይታይበታል። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማለት የተጠማዘዘ ነገር ነው።

በካምብሪጅ ደግሞ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በሽቦና በብረት ሞዴል ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያውን በ1951 መጨረሻ ለፍራንክሊን አሳይተዋት ወዲያው ጣለችባቸው፤ ፎስፌቱ ውሃ ስለሚወድ ከውጭ መሆን አለበት አለች፤ እነሱ ከውስጥ አድርገውት ነበር። በጥር 1953 መጨረሻ፣ ከፍራንክሊን ጋር ያልተስማማው የኪንግስ ባልደረባ ሞሪስ ዊልኪንስ ፎቶ 51ን ለዋትሰን አሳየው። እሷ አላወቀችም። በየካቲትም የእሷ ልኬቶች ያሉበት የሥራ ሪፖርት በሌላ ሰው በኩል ለክሪክ ደረሰ። ሰረቁ የሚሉ አሉ፤ ሪፖርቱ ምሥጢር አልነበረምና ቃሉ ይከብደኛል። አልጠየቋትም፣ ኋላም አልነገሯትም ማለት ግን እውነት ነው። እሷም በዚያው የካቲት ሁለት ዘንግ መሆኑን በማስታወሻዋ ይዛ ነበር። የቀራት የቤዞቹ መጣመር ነው።

መጣመሩን ዋትሰን አገኘው። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያሉት የቤዞች ቅርጾች የተሳሳቱ መሆናቸውን የቢሮ ተጋሪያቸው ጄሪ ዶናሁ ነገረው፤ ዋትሰንም ከካርቶን ቆርጦ ሲያገጣጥም ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ልክ በልክ ገጠሙ። የመሰላሉ ቋሚዎች ስኳርና ፎስፌት፣ መወጣጫዎቹ እነዚህ ጥንዶች ናቸው። ሁለቱ ቋሚዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ በየአሥሩ መወጣጫ አንድ ዙር ይጠማዘዛሉ። ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሚሊዮንኛ ብቻ ሲሆን በአንዲት የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ሁሉ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይደርሳል።

የቻርጋፍ ቁጥርም እዚህ ላይ ተፈታ። ኤ ባለበት ፊት ለፊቱ ቲ ካለ አንዱን ዘንግ ያነበበ ሌላውን በቃሉ ሊጽፈው ይችላል። ሕዋስ ሲከፈል መሰላሉ እንደ ዚፕ ይከፈትና እያንዳንዱ ግማሽ የጎደለውን ጥንድ ይሠራል፤ ከአንድ ሁለት ይሆናል። ልጅ ከአባትና ከእናት የሚወስደው ይህን ቅጂ ነው። ጽሑፉ በሚያዝያ 25 ቀን 1953 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከአንድ ገጽ እምብዛም አይበልጥም፤ ሥዕሉን የሳለችው የክሪክ ሚስት ኦዲል ነበረች። የፍራንክሊን ጽሑፍም እዚያው እትም ላይ፣ ግን ከኋላ፣ ማረጋገጫ መስሎ ታተመ። እሷ በ1958 በ37 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። በ1962 ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ ኖቤል ተሸለሙ፤ ሽልማቱ ለሙታን አይታጭም።

አራት ፊደል ሃያ አሚኖ አሲድ እንዴት ይጽፋል? ሦስት ሦስት ሆኖ ሲነበብ 64 ቃል ይወጣል፤ ይበቃል፣ ይተርፋልም። የቃላቱ ፍቺ ከ1961 ጀምሮ እየተገኘ በ1966 ተጠናቀቀ። ሕዋስ የሚያስፈልገውን ክፍል በአር ኤን ኤ ይገለብጥና በዚያ ትእዛዝ ፕሮቲን ይሠራል። የፊደሉን ክብደት ለማየት ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ መመልከት ይበቃል። ቨርነን ኢንግራም በ1956 እና በ1957፣ ክሪክና ዋትሰን በሠሩበት በዚያው በካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ፣ የበሽተኛው ሄሞግሎቢን ከጤነኛው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ እንደሚለይ አሳየ። በፊደሉ ሲታይ ጂ ኤ ጂ መሆን የነበረበት ጂ ቲ ጂ ሆኗል። ከሁለቱም ወላጆቹ ይህን የወረሰ ልጅ ቀይ የደም ሕዋሱ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ደም ሥሩን ይዘጋዋል፤ በሥቃይ ይጮኻል። አንዲት ፊደል ናት።

የቱቢንገኑ ማድቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሚሸር ከሳልመን የለየው ኑክሊን ካለባቸው ብልቃጦች አንዱ ከዚያው ከተማ አልጠፋም፤ ከሥሩ ግራጫ የመሰለ ዱቄት ይታያል። በላዩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የሚነበበው የቁሱ፣ የዓሣውና የሚሸር ስም ነው።