ያለ ቲኬት ስለ መጓዝ

በማንኩሳና በአካባቢዋ ባላገር ዘንድ «ባቡር» የተባለ እንደ ሆነ፣ የአድማጩ አሳብ አስቀድሞ የሚሄደው በሐዲድ ላይ ወደሚሮጠው ሳይሆን እህል ወደሚፈጨው ሞተር ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አማካይነት አንባብያን ሁሉ ስሟን የሚያውቋት ይህች የጎጃም አገር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በመኪና መንገድ ዳር ትገኛለች እንጂ የምድር ባቡር ደርሶባት አያውቅም። እንግዲህ ስለ ባቡር ቲኬት ልንጽፍ ተነሥተን ከማንኩሳ መጀመራችን ስለ ምን ነው የሚለን ቢኖር፣ ያለ ቲኬት ተሳፍሮ የተያዘ ሰው ነገር የባቡር ነገር ብቻ ስላልሆነ ነው እንለዋለን። ነገሩ መንገደኛ በምን መብት ያልፋል የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው፤ ይህንንም ጥያቄ ጎጃም ሐዲድ ሳያይ ያውቀዋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናርያ ወገን የሚመጡ ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ጭነው፣ ለሽያጭ የተያዙ ባሮችንም እየነዱ፣ ዓባይን ተሻግረው በባሶ ገበያ ይገበያዩ ነበር። ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ይዘልቃሉ። በዚህ ረጅም ጉዞ ላይ በየኬላው መቆም ግድ ነበር። የኬላው ሹም ቀረጡን አንዳንድ ጊዜ በአሞሌ፣ አንዳንድ ጊዜም ከጭነቱ ከራሱ ይቀበላል። ነጋዴው ከፍሎ ሲያልፍ በሚቀጥለው ኬላ ሌላው ሹም ደግሞ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል። ልኩም የሚወሰነው በጭነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በባለ ጭነቱ ማንነት ጭምር ነበር። «የማን ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ጭነሃል?» ከሚለው አያንስም። የሹም ዶሮን እሽ የሚላት የለም እንደሚባለው፣ የትልቅ ሰው አሽከር የሆነው ቀለል ብሎለት ሲያልፍ፣ ጌታ የሌለው ግን ኪሳራውን ይሸከማል። ስለዚህም ኬላ ሰብሮ በሌሊት በጫካ ማለፍ በብዙው ሕዝብ ዓይን እንደ ሌብነት ሳይሆን እንደ ብልሃት ይቈጠር ነበር። ሕጉ ለሰው ፊት ሲያደላ ያየ ሕዝብ፣ ሕግን ማምለጥን ነውር አድርጎ ለመቍጠር ይቸግረዋል።

አሁን ደግሞ ቲኬት ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ባቡር ሥራ በጀመረበት ዘመን የጣቢያ ጸሓፊዎች ለእያንዳንዱ መንገደኛ በእጃቸው እየጻፉ ወረቀት ይሰጡ ነበር። ሥራው አዝጋሚ ከመሆኑም በላይ፣ ጸሓፊው ከተቀበለው ገንዘብ ውስጥ የቱን ለኩባንያው እንዳስገባ፣ የቱንስ በኪሱ እንዳስቀረ ለይቶ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ቶማስ ኤድሞንድሰን የተባለ፣ አስቀድሞ የእንጨት ዕቃ ሠሪ ሆኖ ንግዱ የከሠረበት ሰው፣ ከኒውካስል እስከ ካርላይል በሚሄደው ባቡር በጣቢያ ጸሓፊነት ተቀጠረ። እርሱም እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ አጋማሽ በኋላ ተራ ቍጥር የታተመባቸውን ትንንሽ የካርቶን ቲኬቶች፣ ቀኑንም የሚያትምባቸውን መሣሪያ አበጀ። ማታ ላይ የቀረው ቲኬት ቍጥር ሲታይ የተሸጠው ይታወቃል፤ የተሸጠውም ከገንዘቡ ጋር ይመሳከራል። ይህ አሠራር ከጥቂት ዓመት በኋላ በብዙ አገር ተስፋፋ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቲኬት የተቈጠረው የማይከፍለውን ተሳፋሪ ለመያዝ ብቻ አለመሆኑ ነው። ገንዘብ ተቀባዩም ራሱ የሚመረመርበት መዝገብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከከሠረ በኋላ በ1900 ዓ.ም. በተደረገ አዲስ ስምምነት ሥራው ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፎ፣ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መሥመሩ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ መሥመር ላይ መንገደኛው ገንዘቡን በመስኮት አግብቶ ቲኬቱን ሲቀበል፣ የማን ሰው መሆኑን የጠየቀው ማንም አልነበረም። እውነት ነው፤ የባቡሩ ማዕርግ ባለ አንደኛና ባለ ሦስተኛ እያለ ሰውን በገንዘቡ ለይቶታል፤ የኩባንያውም የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር ብዙው ባለ ቲኬት የያዘውን ወረቀት ማንበብ አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ ቲኬቱ የያዘው ቃል አዲስ ነበር። ለከፈለ ሁሉ መንገዱ ክፍት ነው የሚል ቃል ነው።

ይህ ቃል ሁለት ወገን አለው። አንደኛውን ወገን የሚያፈርሰው ሳይከፍል የሚሳፈረው ነው። ሁለተኛውንም የሚያፈርስ እንዳለ ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ማኅተመ ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ የአንደኛ ማዕርግ ቲኬት ይዞ ሲጓዝ፣ አንድ ነጭ ተሳፋሪ አብሬው አልቀመጥም በማለቱ ወደ ዝቅተኛው ፉርጎ እንዲሄድ ታዘዘ። እምቢ ባለ ጊዜ በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ በፖሊስ ተገፍቶ እንዲወርድ ተደረገ። ቲኬቱ ፍጹም ትክክለኛ ነበር፤ የፈረሰው የኩባንያው ቃል ነው። ያችን ሌሊት በጣቢያው ብርድ ያሳለፈው ወጣት ጠበቃ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ዓለም ያውቀዋል።

ያለ ቲኬት የሚያዘውም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ገንዘብ እያለው በብልጠት የሚደበቅ አለ፤ ቅርብ ለሆነ ጣቢያ ከፍሎ እንቅልፍ ጥሎት ያለፈ አለ፤ የታመመ ልጁን ይዞ ሳንቲም አጥቶ የገባ አለ፤ ከሐሰተኛ ሻጭ ገዝቶ ራሱ የተታለለም አለ። ተቆጣጣሪ የሆነ ሰው ለእነዚህ ሁሉ ያንኑ ስድብና ያንኑ ግፊያ ከሰጠ፣ ኩባንያውን ጠበቀ አይባልም፤ የጥንቱን የኬላ ሹም ልብስ ለውጦ አመጣው እንጂ። መቀጫው በግልጽ የተወሰነ፣ ደረሰኝ ያለው፣ ለትንሹም ለትልቁም አንድ መሆን ይገባዋል።

በሌላ በኩል ቲኬት የነፍስ ቍጥር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ስለ ገባ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የአደጋው ምክንያት በመታጠፊያው ላይ ፍጥነት አለመቀነሱ እንጂ የቲኬት ነገር አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ስንት ሰው ተሳፍሮ ነበር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የተቈረጠው ቲኬት ነው። ሳይከፍል የገባው ሰው ከዋጋው ጋር ራሱንም ከቍጥር አስወጥቷል።

በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ተሳፋሪው ከጣቢያው አጠገብ ካለች ትንሽ የመሸጫ ቤት የወረቀት ቲኬት ገዝቶ ይገባ ነበር፤ ቲኬቱንም ተቆጣጣሪ ይመረምር ነበር። ለሁሉም ሰው ሁልጊዜ ተቆጣጣሪ ማቆም ስለማይቻል፣ እንዲህ ያለ አሠራር የሚቆመው ከግማሽ በላይ በተሳፋሪው ኅሊና ነው። ኅሊና ደግሞ በአዋጅ አይተከልም፤ ሕዝቡ የከፈለው ገንዘብ ለሕዝቡ አገልግሎት መዋሉን እያየ የሚያድግ ነገር ነው።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ተነሣንበት መንገድ እንመለስ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው መኪና ከመንገድ ዳር የሚሳፈረው ገበሬ ብዙ ጊዜ ቲኬት አይቀበልም፤ ገንዘቡን ለረዳቱ ሰጥቶ በሁለት ወንበር መካከል ይቀመጣል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ በታየ ጊዜ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ!» ይላል። ሽማግሌው ከነጋቢያቸው፣ እናቲቱ ከነሕፃኗ ጎንበስ ይላሉ። እንግዲህ እዩ፤ እነዚህ ሰዎች ሙሉ ዋጋ የከፈሉ ናቸው፤ የሚደበቁት ግን ያልከፈለ እንደሚደበቅ ነው። ጥፋቱ ቃሉን ሳይሰጥ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዕፍረቱን የሚሸከመው ከፋዩ ነው። ለዚህ ሰው ቲኬት ማለት ቀና ብሎ የመቀመጥ መብት ነው።

በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በወጣው አገር አቀፍ የባቡር ዕቅድ ውስጥ፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወልድያ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚዘልቅ መሥመር ተጠቅሶ ነበር፤ እስካሁን ግን አልተሠራም። የፍኖተ ሰላም ትርጓሜ የሰላም መንገድ ነውና፣ ሐዲዱ አንድ ቀን በዚያ ቢነሣ ስሙ ከግብሩ ጋር ይስማማል። ነገር ግን ሐዲዱ እስኪመጣ ድረስ የማይጠበቅ አንድ ሥራ አለ። መምህሩ ለተማሪው፣ ሹሙ ለሠራተኛው፣ ሕዝብ በጋራ የሚገለገልበት ነገር ዋጋ እንዳለው ያስተምሩ፤ ገንዘብ ተቀባዩም ለተቀበለው ሁሉ ወረቀቱን ይስጥ። ሁለቱ የተፈጸሙ እንደ ሆነ፣ የማንኩሳ መንገደኛ «የማን ሰው ነህ?» ተብሎ ሳይጠየቅና ጎንበስ ሳይል፣ በከፈለው ዋጋ ብቻ ወደሚሄድበት ይደርሳል።