ኋላ ቀር ወይስ ወደ ኋላ የተመለሰ?

ለክፉ ነገር ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ትክክለኛውን ስም ማውጣት ግን ዕውቀትንም ትዕግሥትንም ይጠይቃል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከምንጽፋቸው ሪፖርቶች መካከል «ኋላ ቀር አካባቢ» የሚለው ሐረግ ያልገባበት ጥቂት ነው። ሐረጉ አጭርና ለብዕር የሚመች ስለ ሆነ ምን እንዳልን ሳንመረምር እናልፈዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው፣ አማርኛ ለመባስና ወደ ኋላ ለመሄድ ያሉትን ቃላት ለይተን በወላይታ ታሪክ ላይ መፈተን ነው።

አስቀድመን «ኋላ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በቦታ ሲነገር ከጀርባ ያለው ነው፤ በጊዜ ሲነገር ግን ገና የሚመጣው ነው። «ኋላ እንገናኝ» ያለ ሰው የሚመጣውን ሰዓት ማለቱ ነው። «በፊት» ስንል ደግሞ ያለፈውን ማለታችን ነው። በወላይትኛም ጀርባን የሚያመለክተው «ጉዬ» የሚለው ቃል «ከዚያ በኋላ» ለማለት ያገለግላል። በአማርኛችን እንግዲህ ያለፈው ዘመን በዓይናችን ፊት የተዘረጋ ነው፤ የሚመጣው ግን ከጀርባችን ስለ ሆነ አይታየንም። ስለዚህ ያለፈውን ሳይመረምር አንድን አገር «ኋላ ቀር» የሚል ሰው፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ያላየ ሰው ነው።

የዕለት ንግግራችን ከዚህ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። በሽተኛ ሲደክም «ባሰበት» እንላለን፤ ዳነ ከተባለ በኋላ ሕመሙ ሲመለስ «አገረሸበት» እንላለን። ሀብት ጥቂት በጥቂት ሲያልቅ «ተመናመነ»፣ ምርት ቁልቁል ሲወርድ «አሽቆለቆለ» ይባላል። ከአንድ ችግር ወጥቶ ወደሚብሰው የገባው «ከድጡ ወደ ማጡ» ሄደ ይባላል። ያደገው ወደ ታናሽነቱ ሲመለስ ደግሞ «እያደሩ ጥጃ» ይባላል። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ አስቀድሞ የነበረ መልካም ነገር መኖሩን ይመሰክራሉ። ወይፈን ያልነበረ ወደ ጥጃነት አይመለስም። «ኋላ ቀር» ግን ሌላው ሲሄድ የቆመ ማለት ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በቀሪው ላይ ይጥላል።

አሁን ወደ ወላይታ እንሻገር። በዳሞታ ተራራ ዙሪያ የሚኖረው ይህ ሕዝብ «ካዎ» በሚባሉ ነገሥታት ሥር የራሱ መንግሥት ነበረው። ምድሩን በድንጋይ ካብና በተቆፈረ ቦይ ያጥር ነበር፤ እንሰት ይተክል፣ ከብት ያረባ፣ ጥጥ ፈትሎ ይሸምን ነበር። ከሰሜን በተደጋጋሚ የተላኩበትንም ጦሮች መልሶ ነበር። በመጨረሻ በ1887 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱበት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ «ክፉ ቀን» የሚባለው ዘመን ከሰሜን እስከ ሸዋ ከብቱን ፈጅቶት ስለ ነበር፣ የወላይታ ከብት በዘመቻው ከሚፈለገው ዋጋ አንዱ ነበር። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙ ምርኮኛና ብዙ ከብትም ተነዳ። ከሠራዊቱ ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን ጽፎ አሳትሞታል።

ይህን «ማሽቆልቆል» ልንለው አንችልም፤ ማሽቆልቆል ቀስ በቀስ ነውና። ትክክለኛው ቃል «ወደቀ» ነው። የወደቀም የሚወድቀው ከቆመበት ነው። ከውድቀቱ በኋላ ገባርነት ተተከለ፤ ሕዝቡም ራሱን በማይጠራበት «ወላሞ» በሚል ስም እስከ 1966 ዓ. ም. ለውጥ ድረስ በመንግሥት መዝገብ ሲጻፍ ኖረ። የጭሰኝነቱ ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1967 ዓ. ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው።

ሁለተኛው ቃል «መመናመን» ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል የብዙው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ሆነ። መሬት ሲጠብ ግጦሽ ያንሳል፤ ግጦሽ ሲያንስ ከብት ይቀንሳል፤ ከብት ሲቀንስ ፍግ ይጠፋል፤ ፍግ ሲጠፋም እንሰቱ ይሳሳል። በዚህ ላይ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው የለም፤ አንዱ ጉድለት ሌላውን እየወለደ ነው።

ሦስተኛው «ማገርሸት» ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ዋዱ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር ተቋቁሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ያቀርብ፣ በአበላ ቆላም ገበሬዎችን ያሰፍር ነበር። ሥራው በ1970ዎቹ አጋማሽ አበቃ፤ ብዙም ሳይቆይ የ1977 ዓ. ም. ረሃብ ወላይታንም ነካ። በ1992 እና በ2000 ዓ. ም. ደግሞ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ታየ። የበልግ ዝናብና ስኳር ድንች ከከዱ በኋላ ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣ ማሳው ለመለመ፤ የሚበላ ፍሬ ግን ገና አልነበረም። ከመንገድ የሚያይ «ይህ አገር ምን ጎደለው?» ይላል፤ በቤት ውስጥ ግን ሕፃኑ ይከሳል።

ነገር ግን ታሪኩን ሁሉ ቁልቁለት ብቻ አድርገን ብናቀርብ እኛም ስንፍና ይሆንብናል። ሕዝቡ የራሱን ስም አስመልሷል፤ ልጆቹም በቋንቋቸው ይማራሉ። ሶዶ በ1999 ዓ. ም. ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች፤ በ2015 ዓ. ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም የአስተዳደር መቀመጫው አድርጓታል። የወደቀ ይነሣል፤ ያገረሸበትም ይታከማል።

የቃል ምርጫ ከንቱ ጨዋታ አይደለም የምንለውም ስለዚህ ነው። «ወደቀ» ሲባል «ማን ጣለው?» ተብሎ ይጠየቃል። «ተመናመነ» ሲባል «ምን አሳጣው?»፣ «አገረሸበት» ሲባልም «የትኛው መድኃኒት ሳይፈጸም ተቋረጠ?» ይባላል። «ኋላ ቀር» ሲባል ግን ጠያቂ የለም፤ ፋይሉ ይዘጋል። ስለዚህ ሪፖርት የምንጽፍ ሁላችን፣ ያን ሐረግ ከመጻፋችን በፊት ብዕራችንን ጥቂት አቁመን፣ ይህ አገር በፊት ምን እንደ ነበረው ብንጠይቅ መልካም ነው። በቋንቋችን «በፊት» ያለው ከዓይናችን ፊት ነውና፣ ለማየት የሚያስፈልገው ቀና ማለት ብቻ ነው።